በሁለት ቢላዋ ስላለመብላት

አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉት ተረት አላቸው። ይህን ተረት በልጅነቴ ስሰማው ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን ተረቱ ቀልድ ሳይሆን አንድን ክፉ በሽታ የሚናገር ቃል መሆኑ ገባኝ። ሹመትን እንደ ማዕድ የሚያይ ሰው ማዕዱ ሳይነሣ ለመጥገብ ይቸኩላል፤ ማዕዱን ያሰናዳው ሕዝብ ግን ጾሙን ያድራል። ይህ በሽታ በእኛ አገር ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ይኸው በሽታ በአሜሪካ አገር እንዴት እንደ ተነሣና ሕዝቡም በሕግ ሊፈውሰው ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት እንደ ደከመ ነው። መድኃኒቱም አልፎ አልፎ ጤነኛውን ሰው እንደ ጎዳ አልሸሽግም።

ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ አንድ ወጣት ነው። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ይህ ወጣት ከእነርሱ አንዱ ሲሆን በትምህርቱ ተግቶ፣ ዜግነትም አግኝቶ፣ የሕዝብን ማመልከቻ በሚቀበል በአንድ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል። ጠባዩ ጭምት፣ እጁም ንጹሕ ነው። አንድ ቀን ማታ ከቤቴ መጣና ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይታገሥ ነገሩን ጀመረ።

«ጋሼ፣ የሰፈራችን ሰዎች ለካውንቲው ምክር ቤት ተወዳደር እያሉ ይወተውቱኛል። አንድ ፓርቲም በስሙ እንድቆም ጠይቆኛል። በመሥሪያ ቤቴ ግን የመንግሥት ሠራተኛ የፓርቲ ተወዳዳሪ መሆን አይችልም ይሉኛል። እኔ ግብር እከፍላለሁ፤ ዜጋ ነኝ፤ ድምፅም እሰጣለሁ። ታዲያ በምን ጥፋቴ ነው የምከለከለው?»

ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። ለጊዜው የምመልስለት ነገር ስላጣሁ፣ «ልጄ፣ እስቲ ጥቂት ቀን ስጠኝ» አልሁት። ከዚያ በኋላ የዚህን ሕግ ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ። ያነበብሁትንም ለእርሱ እንደ ነገርሁት ለወጣት አንባቢዎቼ አቀርባለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ገና ወጣት ሳለ፣ በ1801፣ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን የመንግሥት ሹሞች በምርጫ ዘመቻ እንዳይገቡ የሚያሳስብ ማስታወቂያ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲተላለፍ አደረገ። ሹሙ እንደ ማንኛውም ዜጋ ድምፁን መስጠት ይችላል፤ ነገር ግን በሥልጣኑ የሌላውን ሰው ድምፅ ሊስብ ወይም በምርጫው ሥራ ውስጥ ሊገባ አይገባውም የሚል ነበር። አንባቢዬ ይህን ነገር ልብ ይበል። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሕግ ሁሉ የዚህ የመጀመሪያ ሐሳብ ማብራሪያ ነው። የዜጋው ድምፅ የራሱ ነው፤ የሹሙ ክንድ ግን የሕዝብ ነው። ክርክሩ ሁሉ በሁለቱ መካከል ድንበሩ የት ላይ ይተከል የሚል ነው።

ይሁን እንጂ የጄፈርሰን ማስታወቂያ ብዙ አልቆየም። በ1829 ፕሬዚዳንት የሆነው አንድሩ ጃክሰን ሹመት የማንም ርስት ስላልሆነ ሰው ሁሉ በየተራው ሊሾም ይገባል የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ሐሳቡ ሲሰሙት መልካም ነው፤ ከክፉ ልብ የወጣ ነው ማለትም አይቻልም። ፍሬው ግን መራራ ሆነ። በ1832 የኒው ዮርኩ ዊልያም ማርሲ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቆሞ፣ በጦርነት ድል ያደረገ ምርኮውን እንደሚወስድ ሁሉ በምርጫ ያሸነፈም ሹመቱን መውሰዱ ተገቢ መሆኑን ያለ ኀፍረት ተናገረ። ይህም የእኛው «ሲሾም ያልበላ» በሌላ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ፓርቲ በተለወጠ ቍጥር የፖስታ ቤቱ ጸሓፊ፣ የጕምሩኩ መዝጋቢና ዘበኛው ሳይቀር ይሻር ጀመር። እንጀራው የተንጠለጠለው በፓርቲው ማሸነፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ሠራተኛው የመንግሥቱን ሥራ ትቶ የፓርቲውን ሥራ ይሠራ ነበር። ፓርቲውም ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መዋጮ ይጠይቃል። በስም መዋጮ ይባል እንጂ እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቀው ነበር። የሕዝብ ግብር ደመወዝ ሆኖ ይከፈላል፤ ደመወዙ መዋጮ ሆኖ ወደ ፓርቲው ይገባል፤ ፓርቲውም በዚያው ገንዘብ ሕዝቡን መልሶ ይገዛበታል።

የወጣቱን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው ትእዛዝ ግን የወጣው በጥር ወር 1873 ነው። ፕሬዚዳንት ዩሊስስ ግራንት በፌዴራል መንግሥት የተሾመ ሰው በግዛት ወይም በከተማ አስተዳደር ውስጥ ሌላ ሹመት ደርቦ እንዳይዝ ከለከለ። አንድ ሰው በሁለት ቢላዋ እንዳይበላ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን ክልክሉ ሳይሆን ከክልክሉ ነጻ የተደረጉት ናቸው። ገቢያቸው በዓመት ከ600 ዶላር የማይበልጥ የገጠር ፖስታ ቤት ኀላፊዎች፣ የትንንሽ ክርክር ዳኞችና የውል አዋዋዮች ከትእዛዙ ወጡ። በትምህርት ቤትና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ማገልገልና ያለ ደመወዝ እሳት ማጥፋት እንኳ አልተከለከሉም።

ምክንያቱን ማስተዋል ይጠቅማል። በአንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ደብዳቤ የሚያድለው ሰው ዳኛውም እርሱ፣ የትምህርት ቤቱ ጠባቂም እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ ሌላ የሚችል ሰው ላይገኝ ነውና። ሕጉ እርሱን ከከለከለ የሚጎዳው እርሱ ሳይሆን መንደሯ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜም ቢሆን የክልክሉ ዐላማ ሰውን ከአገልግሎት ማራቅ እንዳልነበረ ይታያል። የተፈራው ሥልጣን በሥልጣን ላይ ተደርቦ ሲከማች የሚመጣው ጉዳት ነበር።

ከግራንት ቀጥሎ የመጣው ሩዘርፎርድ ሄይስ በ1877 የፌዴራል ሹሞች ፓርቲን እንዳያስተዳድሩና የምርጫ ዘመቻ እንዳይመሩ አዘዘ። በዚያ ጊዜ የኒው ዮርክ ወደብ ጕምሩክ ሹም ቼስተር አርተር የሚባል ሰው ነበር። ጕምሩኩ የመንግሥቱ ትልቁ የገቢ በር ሲሆን በፓርቲ ሰዎችም የተሞላ ነበር። የአርተር ባልደረባ አሎንዞ ኮርኔል ደግሞ ሹመቱንም የፓርቲውን ሊቀ መንበርነትም በአንድነት ይዞ አልለቅም አለ። ሄይስ ሁለቱንም በ1878 ከሥራቸው አነሣቸው። የእግዚአብሔር ሥራ ግን ድንቅ ነውና አርተር ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

የሆነውም እንዲህ ነው። በ1881 ጄምስ ጋርፊልድ ፕሬዚዳንት፣ አርተር ምክትሉ ነበሩ። ቻርልስ ጊቶ የሚባል አእምሮው የታወከ ሰው በምርጫው ጊዜ ለጋርፊልድ ስለ ደከምሁ የፓሪስ ቆንስልነት ይገባኛል እያለ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ይጠና ነበር። የጠየቀውን ባጣ ጊዜ ሐምሌ 2 ቀን በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ ፕሬዚዳንቱን በሽጉጥ መታው። ጋርፊልድ ሁለት ወር ተኩል ያህል ሲሠቃይ ቆይቶ መስከረም 19 ቀን ሞተ። ጊቶ እብድ ነበር ብንል እንኳ የእብደቱን ቋንቋ ያስተማረው ዘመኑ ነው። «ለፓርቲ ደክሜአለሁና ሹመት ይገባኛል» የሚለውን ቃል ጤነኞቹም በየቀኑ ይናገሩት ነበርና።

የሕዝቡ ሐዘን ወደ ቍጣ፣ ቍጣውም ወደ ሕግ ተለወጠ። በጥር ወር 1883 የፔንድልተን ሕግ የተባለው ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የተወሰኑ የመንግሥት ሥራዎች በፈተና እንጂ በፓርቲ ወገንተኝነት እንዳይሰጡ፣ ሠራተኛውም መዋጮ አልሰጥም በማለቱ እንዳይባረር ተደረገ። በመጀመሪያ ሕጉ የሸፈነው ከዐሥር ሥራ አንዱን ያህል ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን እየሰፋ ሄደ። ሕጉን የፈረመውስ ማን ነው? ያው ከጕምሩኩ የተነሣው ቼስተር አርተር ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ሰው በአንድ ወቅት ጥፋቱ አይፈረድበትም። የበላበትን ማዕድ በገዛ እጁ ያነሣ ሰውም በታሪክ አለ።

ፈተናው ሠራተኛው በምን እንደሚገባ ወሰነ እንጂ ከገባ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚችል በሙሉ አልወሰነም። በ1907 ቴዎዶር ሩዝቬልት በፈተና የተቀጠሩ ሠራተኞች በፓርቲ ዘመቻ እንዳይሳተፉ አዘዘ። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ የሚመለከተው በፈተና የገቡትን ብቻ ስለ ሆነ፣ በችግር ዘመን በብዛት ለሚቀጠሩ ሰዎች ጥላ አልሆናቸውም።

ያ የችግር ዘመንም መጣ። በ1930ዎቹ የአሜሪካ ኑሮ ተናግቶ ሚሊዮኖች ሥራ ፈት ሆኑ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1935 ለሥራ አጦች የመንገድ፣ የድልድይና የሕንጻ ሥራ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በ1938 መሥሪያ ቤቱ የያዛቸው ሠራተኞች ቍጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ብዙ ቤተ ሰብ ከረኀብ የዳነው በዚህ ሥራ ነው። ነገር ግን እንጀራ የሚያድል እጅ ሁልጊዜ ይፈተናል።

በ1938 በኬንታኪ ግዛት ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሁለት ታላላቅ ሰዎች በአንድ ፓርቲ ውስጥ ተወዳደሩ። አንደኛው አልበን ባርክሊ፣ ሁለተኛው የግዛቱ ገዥ ሃፒ ቻንድለር ነበሩ። ቶማስ ስቶክስ የሚባል ጋዜጠኛ ወደዚያ ሄዶ መረመረና ለሥራ አጦች የተሰጠው ሥራ ለባርክሊ ድምፅ ማሰባሰቢያ እንደ ሆነ ጻፈ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴም ነገሩን መርምሮ በዚያኛው ወገን ደግሞ የግዛቱ ሠራተኞች ለቻንድለር ሥራ ላይ መዋላቸውን አገኘ። ባርክሊ አሸነፈ፤ ጋዜጠኛውም በሚቀጥለው ዓመት ፑሊትዘር የተባለውን ሽልማት አገኘ።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ በሐሳቤ የመጣብኝ ከተወዳዳሪዎቹ ማንኛቸውም አይደሉም። አካፋ የያዘ አንድ ሰው ነው የታየኝ። ልጆቹ እቤት ይጠብቁታል። አለቃው ቀርቦ «ድምፅህን ለማን ትሰጣለህ?» ሲለው ያ ሰው ምን ይመልሳል? ድምፁን ቢሸጥ ሌባ አይባልም፤ ተርቧልና። ባይሸጥም ጀግና ነው ብሎ የሚያመሰግነው የለም። ሕግ የሚያስፈልገው እንደዚህ ላለው ሰው ነው።

የኒው ሜክሲኮው ካርል ሃች በዚህ ምክንያት ያቀረበው ሕግ በነሐሴ ወር 1939 ጸደቀ። እስከ ዛሬም በስሙ የሃች ሕግ ይባላል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በፓርቲ አመራርና በምርጫ ዘመቻ ተካፋይ እንዳይሆን ከለከለ። በ1940 ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ገንዘብ የሚሠሩ የግዛትና የከተማ ሠራተኞች ተጨመሩበት። በዚያው በ1940 ግን የግራንትን ትእዛዝ የሚያስታውስ አንድ በር ተከፈተ። በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉ ከተሞች፣ እንዲሁም ከመራጩ የሚበዛው የመንግሥት ሠራተኛ በሆነባቸው ስፍራዎች፣ ሠራተኞች በአካባቢያቸው አስተዳደር እንዲካፈሉ ሊፈቀድላቸው ይችላል ተባለ። የባሕር ኀይል መርከብ ማደሻ ያለባት ብሬመርተን ከእነዚህ ስፍራዎች አንዷ ናት። የከተማው ሕዝብ ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ከንቲባውን ከወዴት ያመጡታል?

ሕጉ ሁሉን ደስ አላሰኘም። ጆርጅ ፑል የሚባል ሰው በፊላደልፊያ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ለሳንቲም የሚሆነውን ብረት በመዳመጫ የሚያሳሳ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጭ በሰፈሩ የፓርቲ ኮሚቴ አባል ሆኖ ይሠራ ስለ ነበር ሊባረር ሆነ። ነገሩ እስከ ላዕላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1947 በአራት ድምፅ ለሦስት ተፈረደበት። ዳኛ ብላክ ሕጉ የሚሊዮን ዜጎችን አፍ ይዘጋል ሲል ተቃወመ። ዳኛ ዳግላስም ብረት የሚዳምጥ ሰው ከሕዝብ ጋር በሥልጣን የሚገናኝበት ነገር ምን አለው የሚል ሐሳብ አቀረበ። እኔ እንደማምነው የዳግላስ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ማኅተም የያዘ እጅና አካፋ የያዘ እጅ እኩል አያስፈሩምና። ያም ሆኖ በ1973 ያው ፍርድ ቤት የሕጉን ተገቢነት እንደ ገና አጸና።

በ1993 ሕጉ ተሻሻለ። የፌዴራል ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቱና ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ለወደደው ፓርቲ መድከም፣ ንግግር ማድረግና በፓርቲው ውስጥ ሹመት መያዝ ተፈቀደለት፤ ጥቂት ጥንቃቄ የሚሹ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ከዚህ ተለዩ። ፑል ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ ባልተባረረም ነበር። ነገር ግን ተወዳዳሪዎች በፓርቲ ስም በሚቀርቡበት ምርጫ ራሱ ተወዳዳሪ መሆን እንደ ተከለከለ ቀረ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ቢወስድ እንኳ ክልክሉ አይነሣለትም።

መድኃኒቱ ጤነኛውን ሰው ጎዳ ያልሁት በግዛትና በከተማ ሠራተኞች ላይ የሆነውን አስቤ ነው። በፔንሲልቫኒያ አንድ ፖሊስ ለትምህርት ቤት ቦርድ ለመወዳደር አሰበ። ይህ ፖሊስ በውሻ የሚሠራ ሲሆን፣ የውሻው ወጪ በከፊል ከፌዴራል መንግሥት በመጣ ገንዘብ ይሸፈን ስለ ነበር መወዳደር አትችልም ተባለ። ሰውዬው በውሻው ምክንያት ከምርጫ ቀረ። በየአገሩም ተወዳዳሪዎች ሕጉን ባላንጣን መጣያ አደረጉት። ሕጉን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ኀላፊ ካሮሊን ለርነር ራሷ በ2011 ሕጉ ከዐላማው ውጭ እየዋለ ነውና ይሻሻል ስትል ለሕዝብ ጻፈች። በ2012 መጨረሻ ሕጉ ተለወጠና ደመወዙ ሙሉ በሙሉ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚከፈለው ካልሆነ በቀር የግዛትም ሆነ የከተማ ሠራተኛ በዚህ ሕግ ከመወዳደር እንዳይታገድ ሆነ። ከዚያ በፊት ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ የፌዴራል ሠራተኛ ቅጣቱ መባረር ነበር ለማለት ይቻላል፤ ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ካልተስማሙ በቀር አይቀልለትም ነበርና። አሁን ግን እንደ ጥፋቱ መጠን ከተግሣጽ እስከ መባረር እንዲመዘን ተደረገ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ወጣቱን ጠራሁትና እንዲህ አልሁት። «ልጄ፣ ሦስት መንገድ አለህ። ፓርቲ የማይገባበት ምርጫ፣ እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞች ምክር ቤትና እንደ ትምህርት ቤት ቦርድ ያለ ከሆነ፣ ሕጉ አይከለክልህም፤ ነገር ግን ስሙ ብቻ ፓርቲ የሌለበት ሆኖ ፓርቲው በጓሮ በር እንዳይገባበት ተጠንቀቅ። ምርጫው የፓርቲ ቢሆንም ያለንበት ካውንቲ ከተፈቀደላቸው ስፍራዎች አንዱ ስለ ሆነ የማንንም ፓርቲ ስም ሳትይዝ በግል መወዳደር ትችላለህ። የፓርቲውን ስም ከፈለግህ ግን ሥራህን ልቀቅ። ከሁሉ በፊት ለመሥሪያ ቤትህ የሕግ አማካሪ በጽሑፍ አመልክተህ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።»

እርሱም፣ «ጋሼ፣ በግል የቆመ ሰው በዚህ አገር አያሸንፍም። ሕጉ አይከለክልህም ብሎ በሩን ከፍቶ ደረጃውን እንደ ማንሣት ነው። እኔ እንደሆንሁ ለማንም አላዳላም፤ ታዲያ ስለ ምን ይጠረጥረኛል?» አለኝ።

የተናገረው እውነት ነበር። በግል የሚቆም ሰው የፓርቲውን ገንዘብና የፓርቲውን መራጭ አያገኝም። ቢሆንም እንዲህ ስል መለስሁለት። «አንተን አልጠረጠረህም። እስቲ አንዲት አሮጊት ማመልከቻዋን ይዛ በመስኮትህ ፊት ቆማለች እንበል። ያንተ ሥዕል ከፓርቲው ስም ጋር በሰፈሯ መንገድ ላይ ተሰቅሎ አይታለች። አንተ አታዳላ ይሆናል፤ እርሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ወረቀቷ ቢዘገይ የሌላው ፓርቲ ሰው መሆኔን አውቆብኝ ነው ትላለች። ቶሎ ቢደርስላትም ድምፄን ሊገዛ ነው ትላለች። አንተ ንጹሕ መሆንህ ለአንተ ይበቃል፤ ለእርሷ ግን አይበቃትም፤ መንግሥት ደግሞ የእርሷም ነው። ሌላም ነገር አለ። ዛሬ አንተ ወደህ በፓርቲ ስም ትቆማለህ፤ ነገ አለቃህ ሳትወድ ለእርሱ ፓርቲ ቁም ቢልህ በምን ትከላከላለህ? ሕግ ይከለክለኛል የሚል ቃል ለደካማ ሠራተኛ ጋሻ ነው። ጋሻው ለክፉ ቀን እንዲገኝ በደኅናው ቀን መሸከም ግድ ነው።»

ወጣቱ ብዙ ዝም አለ። ቡናውም በረደ። በመጨረሻ «ላስብበት» ብሎ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የፓርቲውን ሰዎች አመስግኖ እንዳሰናበታቸው ሰማሁ። ከሕግ አማካሪው መልስ ተቀብሎ በግል ሊወዳደር ቈረጠ። ከሥራ ሲወጣና ቅዳሜ ቅዳሜ በየደጁ እየዞረ ፊርማ አሰባሰበ። ከመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች አንዱን እንኳ ምረጠኝ አላለም፤ በመስኮቱ ፊት ለቆመ ሰውም ስለ ምርጫው ትንፍሽ አላለም። አንድ የአገራችን ሰው በመሥሪያ ቤቱ አግኝቶት፣ «አይዞህ፣ ድምፃችን ያንተ ነው» ቢለው፣ «እዚህ የማውቀው የማመልከቻዎን ቍጥር ብቻ ነው» ብሎ መለሰለት አሉ። ሰውየውም ተቀይሞ ሄደ።

ምርጫው በደረሰ ጊዜ ወጣቱ ተሸነፈ፤ ብዙም ተሸነፈ። በማግስቱ ማታ ሄጄ ባየሁት ጊዜ ማዘኑ ከፊቱ ይታወቅ ነበር፤ እኔም አላዘንህም ብዬ አላባበልሁትም። ምክሬ የሹመት ወንበር አስቀርቶበታል፤ ይህን ራሴም አውቀዋለሁ። ነገር ግን እንዲህ አለኝ። «ዛሬ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ሰልፉ እንደ ወትሮው ነበር። ከቆሙት ማን እንደ መረጠኝ፣ ማን እንዳልመረጠኝ አላውቅም። እነርሱም እንዳላወቅሁ ያውቃሉ።»

ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ የምጨምረው ነገር አጣሁ። ጄፈርሰን በማስታወቂያ፣ ግራንት በትእዛዝ፣ ሃች በሕግ ሊያስገኙት የደከሙበት ነገር በዚያች መስኮት ፊት ተገኝቶ ነበርና።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእናንተ ውስጥ በማንኛውም አገር የመንግሥት ሥራ የሚይዙ አሉ፤ በሕዝብ ለመመረጥ የሚሹም አሉ። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ሕግ የሚከለክላችሁ ነገር ሲገጥማችሁ ቶሎ አትቈጡ፤ ክልክሉ ማንን ለመጠበቅ እንደ ወጣ መርምሩ። ሕጉ እንደዚያ ፖሊስና እንደ ውሻው ያለ ከንቱ ነገር ሆኖ ካገኛችሁት እንዲሻሻል በግልጥ ተከራከሩ፤ ሕግ በሰው የተሠራ ነውና በሰው ይታረማል። ዐላማው እውነተኛ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ቢጎዳችሁም ጠብቁት። በሁለት ቢላዋ የበላ ሰው ለጊዜው ይጠግባል። በአንድ ቢላዋ የበላ ግን የጎረቤቱን ዐይን ሳይፈራ ከማዕዱ ይነሣል።